የሆደ ሰፊው ጊታሬ ማንገቻ

አሰብ ከተማ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀር ነገር አልነበረም። የጫማ ሶል ከጫማው ይለያል፤ ቴምብር ከፖስታው ይለያል፤ የግድግዳ ቀለም እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል። ሙቀት ያላላውን ጨው ይበላዋል፤ ጨው የተወውን ዝገት ይጨርሰዋል። እዚያ ከተማ ተጣብቆ የሚውል ነገር ቢኖር ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ብቻ ነው። እኔ እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ነው አንድን ጊታር ከአንድ ማንገቻ ጋር አስማምቼ ለማኖር የተነሳሁት።

የደሴ ልጅ ነኝ። በብርድ ያደገ ሰው እንዴት አሰብ ገባ ብትሉ፣ እንጀራ ነው ያስገባኝ። ወደቡ ውስጥ የክሬን ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ዘመድ ምን ትሠራለህ ብሎ ሲጠይቀኝ «ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነኝ» እላለሁ፤ ክሬኑ ላይ ማለቴ ነው። ዘመኑ መንግሥት የተለወጠበት፣ ወደቡ ግን ገና እንደ ድሮው የአዲስ አበባን ጭነት የሚያራግፍበት ነበር። ቀን ቀን ብረት ስንነካ እየተቃጠልን እንውላለን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የሚጫወት ይጫወታል፣ የሚጠጣ ይጠጣል፣ የሚያማ ያማል። እኔ ጊታር እጫወት ነበር።

ጊታሩን ያገኘሁት ከአንድ የጭነት መርከብ ወጥ ቤት ነው። የመርከቡ ምግብ አብሳይ ቴፕ ሬዲዮኔን ወደደው፤ እኔም ጊታሩን ወደድኩት፤ በጥቅሻ ተግባብተን ተለዋወጥን። ታዲያ ይህ ጊታር በሙዚቃ ባንዶች እጅ እንደምናያቸው የኤሌክትሪክ ጊታሮች ደፍን ጣውላ አይደለም። ሆዱ ባዶ ነው። ወርዱ የሰርግ ትሪ ያህላል፤ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ እንደ እባብ የተጠማዘዙ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ያለ ድምፅ ማጉያ እንኳ ግቢ ይሞላል። ጓደኞቼ «ሆደ ሰፊው» ብለው ስም አወጡለት። ስሙም ተገባው፤ እኔ ያደረስኩበትን በደል ሌላ ጊታር ቢሆን አንድ ሳምንት አይችለውም ነበር።

ችግሩ ማንገቻው ነው። የማንገቻው አንደኛው ጫፍ ጊታሩ አንገት ላይ በጫማ ክር ይታሰራል፤ በሱ በኩል ሰላም ነው። ሁለተኛው ጫፍ ግን ጊታሩ መቀመጫ ላይ ባለች፣ አዝራር በምታህል ብረት ላይ ይሰካል። ያቺን ብረት የያዘቻት አንዲት ቪቴ፣ ተጠምዝዛ የምትገባ ምስማር፣ ነች። ቪቴዋ የገባችው ውፍረቱ ከብስኩት በማይበልጥ እንጨት ውስጥ ነው። ከእንጨቱ ወዲያ ያለው አየር ነው። ቪቴ ደግሞ አየር አይነክስም።

መጀመሪያ የወደቀው ቤቴ ውስጥ ነው። ቆሜ ስለማመድ ቪቴዋ «ቡጭ» ብላ ወጣች፤ ሆደ ሰፊው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ባዶ ሆድ ሲወድቅ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ይህ በሰውም ያለ ነገር ነው። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው የቤት አከራዬ አደይ ለተብርሃን ትግርኛና አማርኛ እያቀላቀለች ጮኸች።

«ወደይ! ጋዝ ፈነዳ?»

«የለም አደይ፣ ጊታር ነው።»

«ዋይ አነ! እኔማ ሞትክ ብዬ!» አለች፤ ከዚያ ጊታር መሆኑን ስትረዳ በመትረፌ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ሙዚቃዬን ለሁለት ዓመት በግድግዳ በኩል የሰማች ሴት ናት፤ አልፈርድባትም።

ሁለተኛው አወዳደቅ የከፋ ነበር። አንድ የወደብ ባልደረባችን ልጁን ክርስትና አስነስቶ ጋበዘን። እኔ በሞቀ ዘፈን መሐል ትከሻዬን ነቅነቅ ሳደርግ ማንገቻው ለቀቀ። ጊታሩ ሲወርድ ገመዱን ጎተተ፤ ገመዱ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ድምፅ ማጉያ ጎተተ፤ ድምፅ ማጉያው የጠረጴዛውን ጨርቅ ጎተተ፤ ጨርቁ ላይ ደግሞ የድግሱ መጠጥ በሙሉ ነበር። እንግዳው ሁሉ እኔን አየኝ። የሕፃኑ አባት «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አለ፤ ግን ሁለት ጊዜ የተባለ ምንም አይደል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ልኖር እችል ነበር። ነገሩን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ያደረገው ዘሪሁን ነው።

ዘሪሁን የነዳጅ ማጣሪያው ኦፕሬተርና የልብ ጓደኛዬ ነው። እዚያው አሰብ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነችውን ትዕግሥትን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ቀሪው የአባቷ የአቶ ተድላ እሺታ ነው። አቶ ተድላ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ አስተማሪ፣ ኋላም የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው «ሰውየውን ሳላይ፣ አገሩንም ሳላይ ልጄን አልሰጥም፤ ራሴ እመጣለሁ» ብለው መለሱ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ዘሪሁን በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ የፈላ ውኃ ይመስላል።

«ቅዳሜ ይመጣሉ» አለኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ!»

«ቆይ። ማታ እኔ ግቢ ራት አለ። መልሴን ከራት በኋላ እሰጣለሁ ብለዋል። ትዕግሥት ደግሞ 'የዘሪሁን ጓደኛ ጥሩ ጊታር ይጫወታል' ብላ ነግራቸዋለች።»

«ለምን ዋሸች?»

«አባቷ ሙዚቃ ይወዳሉ። ከሙዚቃ ሌላ የሚወዱት ነገር የለም። ስማኝ ወንድሜ፣ ያንን ጊታርህን አንድ ማታ ብቻ፣ አንድ ማታ ብቻ፣ ሳይወድቅ አቆይልኝ።»

ሰው ከጓደኛው ወንበር፣ መኪና፣ ሸሚዝ ይለምናል። ከእኔ የተለመነው የመሬት ስበትን ለአንድ ማታ እንዳቆም ነው። እሺ አልኩ።

ጥገናው በክብሪት እንጨት ተጀመረ። የሰፋውን የቪቴ ቀዳዳ በክብሪት እንጨትና በኮላ ሞላሁት፤ ሲደርቅ ቪቴዋን መልሼ አጠበቅኳት። ለሙከራ ጊታሩን በማንገቻው ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቅዬ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል «ቡም!» አለ።

«ወደይ!» አለች አደይ ለተብርሃን በግድግዳው በኩል። «ዛሬም ጊታር?»

«ዛሬም ጊታር፣ አደይ።»

«ለምን አታስረውም? ወይ ለምን አትቀብረውም?»

ለካ በአሰብ ሙቀት ኮላ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ቅቤን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ይጠነክራል ብሎ መጠበቅ ነው። ቀጥዬ ወፈር ያለች ቪቴ አስገባሁ። እሷም አንድ ልምምድ ያዘችና ቀዳዳውን ይበልጥ አስፍታ ወጣች። ከዚያም ከእሷ የምትወፍር። እንዲህ እያልኩ ብቀጥል ኖሮ መጨረሻ ላይ ጊታሩ በሙሉ ቀዳዳ ይሆንና ቪቴዋን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዞር ነበር።

በዚህ ጊዜ ዘሪሁን ጣልቃ ገባ። ዘሪሁን ማጣሪያ ውስጥ ስለሚሠራ ለሱ የዓለም ችግር ሁሉ የቧንቧ ችግር ነው።

«ይሄ እኮ ቀላል ነው» አለ። «ብሎን ታሳልፋለህ፤ ከውስጥ ቀለበቷን ሮንዴላ ታገባና ጫፉ ላይ በሚጠመዘዘው ዳዶ ትቆልፈዋለህ። አለቀ! ዕድሜ ልክህን አይነቃነቅም።»

ሐሳቡ ትክክል ነበር። ያልታሰበበት ነገር ዳዶው ጊታሩ ሆድ ውስጥ የሚገባው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በእነዚያ በተጠማዘዙ ቀዳዳዎች የሚያልፈው አንድ ጣት ነው፤ የብሎኑ ጫፍ ያለው ደግሞ ከክንድ የሚርቅ ቦታ ላይ ነው። ዘሪሁን ዳዶውን ሽቦ ጫፍ ላይ በማስቲሽ ለጠፈና በቀዳዳው አሾለከው። ማስቲሹም የአሰብ ማስቲሽ ነው። ዳዶው «ቃ» ብሎ ወደቀ።

«ሌላ አምጣ» አለኝ።

ሁለተኛውም «ቃ» አለ። ሮንዴላው ተከተላቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ደመወዝተኛ ሰዎች ጊታሩን ከራሳችን በላይ ገልብጠን ይዘን እንደ ወንፊት ስናርገፈግፍ አደይ ለተብርሃን በር ላይ መጥታ ቆመች። እጇን አፏ ላይ ጭና አየችን።

«እንታይ ጉድ እዩ! ምን ገባበት፣ አይጥ ነው?»

«ዳዶ ነው አደይ።»

ዳዶ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በሌላው በኩል ያዘች፤ ሦስት ሆነን አርገፈገፍን። መጀመሪያ አንድ በረሮ ወጣና ሦስታችንንም አይቶ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ቀጥሎ ሮንዴላው ወጣ። ከዚያ አንደኛው ዳዶ። ሁለተኛው ግን እምቢ አለ፤ ጊታሩን ባነሳሁ ቁጥር ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ቢቸግረኝ እንዲሁ ይዤው ልጫወት ሞከርኩ፤ ዳዶው ምት ይመታል፣ ግን ከእኔ ጋር አይደለም፣ ለብቻው ነው። በማግስቱ ከወደብ ወርክሾፕ ከተጣለ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነቅዬ አመጣሁና በውጭ በኩል እየጎተትኩ ወደ ቀዳዳው አመጣሁት። ዳዶው ሲወጣ አደይ ለተብርሃን እልል አለች። ያን ሁሉ ለፍተን ከነበርንበት ፈቀቅ አላልንም፤ ማንገቻው አሁንም አልተያዘም፤ ነገር ግን ሰው ሲሸነፍ ትንሽ እልልታም ደስ ይለዋል።

እንዲህ ሆነን ቅዳሜ ጠዋት ደረሰች። አቶ ተድላ የሚመጡት በረፋዱ አውሮፕላን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጋሽ ደሳለኝ ገባ። ጋሽ ደሳለኝ የአሰብ–አዲስ አበባ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የሚያገሳ። ዘመዶቻችን ሁሉ ደጋ ስለሆኑ አሰብ ላይ ለእኛ አባትም ሽማግሌም እሱ ነው፤ ለዘሪሁንም የሽማግሌዎቹ አለቃ ሆኖ የሚናገረው እሱ ነበር። ጊታሩን በአንድ እጁ አንስቶ አገላብጦ አየው።

«በዚህች በመርፌ ነው የያዛችሁት?» አለና ሳቀ። «ተነስ፣ ቁም! እኔ ከዚህ ተነስቼ በሚሌ በረሃ አድርጌ አዲስ አበባ እስክገባ ከመኪናዬ ላይ አንድ ጆንያ ወድቆብኝ አያውቅም። ጊታር ከጆንያ ይበልጣል?»

መኪናው ላይ ሄዶ የቃጫ ገመድ ይዞ መጣ። ገመዱን ክሮቹ ከሚታሰሩበት የመቀመጫው ብረት ጋር ቋጠረው፤ በጀርባዬ አዞረው፤ በብብቴ አወጣው፤ በትከሻዬ አሳለፈው፤ በጊታሩ አንገት አዙሮ መልሶ ጀርባዬ ላይ ቋጠረውና ጉልበቱን ወገቤ ላይ አስደግፎ ጎተተው። ትንፋሽ አጠረኝ።

«ዝለል!» አለኝ።

ዘለልኩ። ጊታሩ ንቅንቅ አላለም።

«ጎንበስ በል! ተወዛወዝ!»

ጎንበስ አልኩ፣ ተወዛወዝኩ። ጊታሩ አብሮኝ የተፈጠረ አካል ሆነ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጋሽ ደሳለኝ እጁን አራገፈና «ማታ እንገናኝ» ብሎ ሊጭን ወደ ወደቡ ሄደ። ላወልቀው ስሞክር ነው የተፈጠረው የገባኝ። ገመዱ በራሴ አይወጣም፣ በእግሬ አይወጣም። ቋጠሮው ያለው ጀርባዬ ላይ ነው። አደይ ለተብርሃን በጥርሷ ሞከረች። የቃጫ ገመድ ላብ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ከጭንቀቴ የተነሳ እንደ ምንጭ ነበር የማልበው።

በዚህ መሐል ዘሪሁን በተዋሰው ፒክአፕ ከትዕግሥት ጋር መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«አውልቀውና ና፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው!»

«አይወልቅም።»

«ምን ማለት ነው አይወልቅም?»

ዞሬ ጀርባዬን አሳየሁት። ትዕግሥት አፏን በመሐረብ ሸፈነች።

«እንቁረጠው» አለ ዘሪሁን ቢላዋ አንስቶ።

«ከቆረጥነው ማታ በምን ልይዘው ነው?»

ይህን ሲሰማ ቢላዋ የያዘ እጁን አወረደ። «በቃ እሱ ይቅር፤ እኛ እንሂድ» አለችው ትዕግሥት ዘሪሁንን። እሱ ግን ብቻውን ከአባቷ ፊት መቆም ፈራ። ጓደኛ የሚያስፈልገው በደስታና በኀዘን ነው ይባላል፤ ዋናው ግን ለአማት ነው። እናም ሄድኩ። ጊታሩ በፊት በር አላስገባ ስላለኝ ፒክአፑ ጭነት ላይ ቆሜ፣ በሙሉ ማዕረግ፣ ከነጊታሬ በአሰብ አደባባይ አለፍኩ። የወደብ ወዛደሮች አጨበጨቡ። አንዱማ «ያን የሰሞኑን ዘፈን አንዴ!» ብሎ ጠየቀኝ።

አቶ ተድላ ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ ጥቁር የሱፍ ሙሉ ልብስ፣ ከረባትና ባርኔጣ አድርገዋል። ከደረጃው ጫፍ የአሰብ አየር ሲቀበላቸው አንድ እግራቸውን መልሰው አውሮፕላኑ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አይተው ወረዱ። ትዕግሥትን ሳሙ፤ ዘሪሁንን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ጨበጡት። ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

«ይሄ ማነው?»

«ሙዚቀኛው ነው አባዬ» አለች ትዕግሥት።

«ገና ከአሁኑ?»

እጅ ልነሳ ጎንበስ አልኩ፤ ጎንበስ ስል የጊታሩ አንገት ከጎናቸው ይወርድ የነበረን የአንድ ነጋዴ ቆብ አወለቀ። አቶ ተድላ ቆቡን ከመሬት አንስተው ለባለቤቱ ሰጡና ወደ እኔ ተመለሱ።

«በል እንግዲህ፣ ለአቀባበል ከመጣህ አሰማን።»

ሌላ ምን አደርጋለሁ? በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አስፋልት ላይ አንድ የትዝታ ዜማ ተጫወትኩ። ሻንጣ የሚጎትተው ቆመ፤ ሻንጣ የሚፈትሸውም ቆመ። አቶ ተድላ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሁለተኛው ክርህ ትንሽ ወርዷል» አሉ።

እውነታቸውን ነበር።

ምሳዬን አደይ ለተብርሃን በእጇ አጎረሰችኝ፤ ጊታሩ በእኔና በሳህኑ መሐል ድንበር ሆኖ ነበርና። ጋደም ማለት አልቻልኩም። ሸሚዝም አልቀየርኩም። ከሰዓቱን ግድግዳ ተደግፌ እንደ ዘበኛ ቆሜ አሳለፍኩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እያሰብኩ፣ ምናለ ይህም በተፈታልኝ እል ነበር። ሰው የሚመኘውን ማወቅ አለበት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዘሪሁን ግቢ ተሰበሰብን። ዓሣው ተጠብሷል፤ ቢራው በበርሜል በረዶ ውስጥ ነው፤ ከማጣሪያውም ከወደቡም የመጣ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ደሳለኝ ጋቢውን ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሶ፣ የሽማግሌ ቦታውን ይዟል። አቶ ተድላ ከፊት መሐል ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ፤ ከጎናቸው ከጎረቤት የተዋስነው ትልቅ ቬንትሌተር ለሳቸው ብቻ ይነፍሳል። ዘሪሁን ከኋላቸው ቆሞ ያስተናግዳል።

«እንዲህ የሚሞቀው ሁልጊዜ ነው?» አሉት እየበሉ።

«የለም ጋሼ፣ ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» አላቸው።

አቶ ተድላ ሹካቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያም ውኃ ጠጡ። ጋሽ ደሳለኝ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ተጫወት፣ ተጫወት፣ ነገሩ እየተበላሸ ነው» አለኝ።

ጀመርኩ። ያ ጊታር እንደዚያ ማታ ጮኾ አያውቅም። ከበሮ የሚመታው መታ፤ ሰው ተነሳ፤ ትዕግሥት ራሷ እስክስታ ወረደች። የአቶ ተድላ ጫማ ቀስ እያለ መሬቱን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ዘሪሁን ከኋላቸው ሆኖ ጫማቸውን ብቻ ነበር የሚያየው። አልቦኝ ጠብ ጠብ ስል ግን አቶ ተድላ አዩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያጠፋን ደግነታቸው ነው።

«ይሄን ቬንትሌተር ወደ ሙዚቀኛው አዙሩት!» አሉ። «ልጁ በላብ አለቀ እኮ!»

አንስተው ከኋላዬ አቆሙት። ነፋሱ ጀርባዬን ሲመታኝ ገነት የገባሁ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ በላብ ርሶ የጠበቀው የቃጫ ገመድም አብሮኝ ገነት ገባ፤ ደረቀ፤ ሲደርቅ ላላ። በሦስተኛው ዘፈን መሐል፣ ዘፈኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ጥርስ ያልፈታው፣ እጅ ያልፈታው የጋሽ ደሳለኝ ቋጠሮ በገዛ ፈቃዱ ተፈታ።

የጊታሩን አንገት ይዤ ቀረሁ፤ ሆዱ ወደ መሬት ሄደ። ግቢው በሙሉ «ውይ!» አለ። አቶ ተድላ ግን ከወንበራቸው ተፈናጥረው፣ ከነሙሉ ልብሳቸው በጉልበታቸው ወርደው ጊታሩን ከመሬት አንድ ስንዝር ሲቀረው በሁለት እጃቸው ቀለቡት።

እጄን ከክሮቹ አነሳሁ።

«አታቁም!» ብለው ጮኹ። «ዘፈን መሐል ላይ አይቆምም! ይዤልሃለሁ፣ ቀጥል!»

ቀጠልኩ። እሳቸው ግማሽ ቆመው ግማሽ ተንበርክከው ጊታሩን ከሥር ደግፈዋል፤ እኔ ከላይ እመታለሁ። ሰው መጀመሪያ ተደናገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ከዚያ ዙሪያችንን ከቦ በጭብጨባ አቀለጠው። አቶ ተድላም አብረው መዝፈን ጀመሩ፤ ድምፃቸው ወፍራምና የተገራ ነው። በዚህ ጊዜ ጋሽ ደሳለኝ፣ ጭነት የሚነሳበትን ሰዓት የሚያውቅ ሾፌር፣ ጋቢውን አስተካክሎ ብድግ አለ።

«አቶ ተድላ!» አለ በዚያ በሚያገሳ ድምፁ። «እንግዲህ እኛም በእግዚአብሔር ስም መጥተናል! ልጅዎን ትዕግሥትን ለልጃችን ለዘሪሁን ይሰጡልን ዘንድ...»

«እሺ!» አሉ አቶ ተድላ ጊታሩ ሊያመልጣቸው ሲል። «እሺ፣ እሺ አልኩ እኮ! አንድ ሰው በዚህ በኩል ይያዝልኝ!»

አደይ ለተብርሃን የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ነው። እልልታዋ ወደቡ ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ ተቀበሏት። ትዕግሥት አለቀሰች። ጋሽ ደሳለኝ «ተመስገን፣ ተሰጠን!» ብሎ ተቀመጠ፤ ግቢው ከዚያ ወዲያ በማንም ቁጥጥር ሥር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ተድላ አስጠሩን። ባደሩበት በአደይ ለተብርሃን ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ኮታቸውን አውልቀዋል። እኔ፣ ዘሪሁን፣ ትዕግሥትና ጋሽ ደሳለኝ እንደ ተማሪ ፊታቸው ቆምን።

«ትናንት ማታ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሺ ያልኩት ለጊታሩ ነው።»

ዘሪሁንን ላየው አልደፈርኩም። ትዕግሥት የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥርና ስትፈታ ብቻ አየሁ።

«ለጊታሩ ነው» አሉ ደግመው። «ሊወድቅ ስለሆነ ነው። እናንተ ግን እልል አላችሁ። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ልጄን እዚህ እሳት ውስጥ ልተዋት ነው ወይ እያልኩ ነበር የመጣሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እምቢ ልል ነበር የመጣሁት።»

ወደ ዘሪሁን ዞሩ።

«ጊታሩ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ጊታሩን አየ። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ስነሳ እግሬ ተንሸራቷል፤ ይህች ጉልበቴ ድሮም አትታመንም። ማንም አላየኝም። ከኋላዬ አንድ ሰው በሁለት ብብቴ ገብቶ ያዘኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አለቀቀኝም፤ አላጨበጨበም፣ አልሳቀም፣ እልል ሲባል እንኳ አልለቀቀኝም። አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ ጋሼ» አለ ዘሪሁን መሬት መሬቱን እያየ። «እንዳይወድቁ ብዬ ነው።»

እኔ ያን ማታ ከፊት ለፊታቸው ቆሜ ይህን አላየሁም። የራሴን ጣቶችና የጊታሩን ሆድ ነበር የማየው። ለካ እሳቸው ጊታሩን ሲይዙልኝ ዘሪሁን እሳቸውን ይዞልኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘፈን የተጫወትኩት በሁለት ሰው ጉልበት ነው።

«እንግዲህ አሁን ነው እሺ የምለው» አሉ አቶ ተድላ። «ይህኛውን ስሙት። እልል ማለት ከፈለጋችሁም አሁን ነው።»

አደይ ለተብርሃን ሌላ ቃል ሳትጠብቅ ከጓዳዋ እልልታዋን ለቀቀችው።

ሰኞ ልንሸኛቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። ሱፋቸውን በሻንጣ ይዘው በሸሚዝ ብቻ ናቸው፤ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል። ትዕግሥትን ሳሟት፤ ዘሪሁንን አቅፈው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ ከጋሽ ደሳለኝ ጋር ትከሻ ተገጫጩ። ወደ ደረጃው ሄዱና ጥቂት ወጥተው ቆሙ። ተመልሰው ወረዱ፤ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው ፊት ላለማሳፈር ይመስላል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሲከነክነኝ ነበር።»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ለመሆኑ ተቀምጠህ የማትጫወተው ለምንድነው?»

ወደ ዘሪሁን ዞርኩ። ዘሪሁን ወደ ጋሽ ደሳለኝ ዞረ። ጋሽ ደሳለኝ ሰማዩን አየ። አቶ ተድላ ትከሻዬን ቸብ አድርገው ወደ ደረጃው ተመለሱ። አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ባሕሩ ላይ ዞረ፣ አነሰ፣ ጠፋ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ወደ ከተማ ተመለስን። ወደቡ በር አካባቢ ስንደርስ ጋሽ ደሳለኝ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ተቀምጦማ» አለ በንቀት፣ «ማንም ይጫወታል።»